ባላዋን ንካት

አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም። ልጅ ሆኜ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ ሳለን እናቴ «ምነው፣ ምን ነክሶህ ነው?» ትለኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ባለቤቴ ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኑ ያስቃል። ለሰው የሚመስለው ቀኑን ሙሉ ስንፈታና ስንገጥም የምንውል ነው። ሥራችን ግን በአብዛኛው መጠበቅ ነው። አንዲት ትእዛዝ ሰጥተን፣ ክንዳችንን አጣጥፈን ስክሪን እናያለን። እኔ ክንዴን ማጣጠፍ እስከ ዛሬ አልተማርኩም።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሚሌኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት ቢሆነን ነው፤ መብራት በፈረቃ ነበር። ለአንድ ሰፈር አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ በሚመጣበትም ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ሰዓቱን ሳይጠብቅ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ከፎቶ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። መብራት በሌለበት ቀን በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ጎረቤቶቼ «ዘበኛ ቀጠርን» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴትዮ መጡ። በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ አዲስ ዓለም ሰፈር ጥልፍ ቤት አላቸው። ባለቤታቸው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው የሞቱት። እትዬ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እትዬ እላቸዋለሁ።

«ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል» አሉኝ። «ትናንት ሁለቴ አልነሳም ብሎ በሦስተኛው ነው የተነሳው። ዛሬ ደግሞ እንዳይቀርብኝ ብዬ ሳላጠፋው መጣሁ።»

አብሬያቸው ወረድኩ። የጥልፍ ክፍሉ ከግቢው በስተኋላ ነው። የክፍሉን ግማሽ ከዱባይ ያገለገለ ሆኖ የመጣ የጥልፍ ማሽን ይዞታል፤ ከጎኑ ያንን ማሽን የሚያዘው አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። በር ላይ ደግሞ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ሁሉም አያ የሚላቸው ሽማግሌ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሳጥኑን ከፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እንደፈራሁት ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነበር። እንዲህ የሆነ ዲስክ እየተሽከረከረ እያለ ይሠራል፤ አንዴ ከቆመ ግን ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል።

ዲስኩ ውስጥ ያለው የባለቤታቸው ንድፍ ነው። ከአራት መቶ በላይ የጥልፍ ንድፍ፣ አንገት፣ እጅጌ፣ የቀሚስ ጠርዝ፣ የጀለቢያ ደረት፤ አንዱንም ከሌላ ሰው አልገለበጡም። ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተውታል፦ «ቁስቋም ሦስት»፣ «የደባርቋ ሙሽራ»፣ «ውርጭ»። እስላሙም ክርስቲያኑም ለሠርግና ለበዓል የሚመጣው እነዚህን ብሎ ነው። «ስፌቱን እኔ እችላለሁ» አሉኝ እትዬ። «ንድፉ ግን የእሱ ነው። ሰው ይህን በር የሚያንኳኳው ለእሱ እጅ ነው። ንድፉ ከጠፋ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።»

ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ አዲስ ዲስክ አምጥቼ ሰካሁ። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ አላውቀውም አለ። ቦርዱ የድሮ ነው፤ ዲስኩ ለእሱ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆነበት። የጥልፍ ማሽኑ የሚገናኝበት ካርድ ደግሞ በእንዲህ ያለ አሮጌ ቦርድ ላይ ብቻ ነው የሚገባው፤ ጎንደር ውስጥ ሌላ እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም። መፍትሔው ቦርዱን ገና ሲበራ የሚቀሰቅሰውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ባዮስ የምንለውን፣ በአዲስ መተካት ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች መሐል መብራት ከጠፋ ወይም ሰው ካጠፋው ቦርዱ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

የሙያችን የመጀመሪያው ትእዛዝ «ቅዳ» ነው። ምንም ከመንካትህ በፊት ያለውን ቅዳ። አዲሱን ዲስክ ገና አልቀበልም ያለ ኮምፒውተር ላይ ለመቅዳት የነበረኝ ፍሎፒ፣ ጥቂት የሚይዘው ጠፍጣፋው የድሮ ዲስክ፣ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ፍሎፒ ያህል ይፈልጋል፣ አንዱን አውጥቶ አንዱን ማስገባት፣ እያንዳንዱ እስኪሞላ እየጠበቁ። እኔ የያዝኩት ሦስት ነበር፤ አንዱ ላይ አዲሱ ባዮስ አለ። ፒያሳ ወጥቼ መግዛት እችል ነበር። ሠላሳ ጊዜ መጠበቅን ሳስበው ግን ተውኩት።

እትዬ ከኋላዬ ቆመው «ንድፎቹን ቀድተሃቸዋል አይደል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይዞዎት» አልኳቸው።

አዎ አላልኩም። አልቀዳሁምም አላልኩም። አይዞዎት ነው ያልኩት። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ለስንት ሰው እንዲህ ተጠቅሜባታለሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጀመርኩ። ፍሎፒውን አስገብቼ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ በኪቦርዱ ብቻ እንደ አዲስ አስነሳሁት፤ ዲስኩ መሽከርከሩን አላቋረጠም። ትእዛዙን ሰጠሁ። ስክሪኑ አናት ላይ የፕሮግራሙ ስም ወጣ፣ ከሥሩ ሥራው ሲሄድ የሚሞላ ረጅም ባዶ ሳጥን ታየ፤ ከዚያ ቀጥ አለ።

አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ሦስት። አምስት። ሳጥኑ ባዶ ነው። አሥር ደቂቃ ሆነ። መሐል ላይ ቆሞ ከሆነ ባጠፋው ቦርዱ ይሞታል፤ ባላጠፋው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ራሱ ያጠፋዋል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ ዩፒኤስ ነበራቸው፤ ባትሪው ግን ከሞተ ቆይቷል። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ስክሪኑን ዓይን ዓይኑን አየሁት።

እትዬ ክራቸውን እያጠነጠኑ ቀና አሉና «ቆመ አይደል?» አሉኝ። «ባላዋን ንካት።»

እዚህ ላይ ስለ ግቢው መንገር አለብኝ። መብራቱ የመጣው ከጎረቤት ቆጣሪ በተሳበ ሽቦ ነው። ሽቦው እንዳይረግብ ግቢው መሐል በአንዲት ባላ እንጨት ተደግፏል። መብራት ደከም ሲል የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ወጥቶ ባላዋን ነቅነቅ ያደርጋታል። እኔም የሰማሁት ይህንን ነው።

«ኧረ እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ባላዋን ማንም እንዳይነካት! ትንሽ ብልጭ ካለ አለቀልን!»

ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉና ወደ ክራቸው ተመለሱ።

አዎ፣ እኔ ነበርኩ የማውቀው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የዲስኩ ቀጭ ቀጭታ ከቅድሙ የፈጠነ መሰለኝ። መመሪያውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት፤ «በሂደቱ መሐል ኮምፒውተሩን አያጥፉ፣ ኪቦርዱን አይንኩ» ከማለት በቀር የሚጠቅም ነገር የለውም። አንድ ጊዜ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሳ ተመለሰች። የሚገድለኝ አለማወቁ ነበር። የሞተ ነገር ቢሆን አርፌ አዝናለሁ፤ ይህ ግን ይሙት ይዳን አይናገርም።

አያ ከበሩ ዞረው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ትንቆራጠጣለህ? መቀመጫው ላይ ፍም አለ እንዴ? አረፍ በል እንጅ!»

«እንዴት አርፋለሁ አያ?»

«እኔስ አርፌ የለ?» አሉ፤ ወደ ፀሐያቸው ዞሩ።

ወዲያው ነፋስ ተነሳ። ታኅሣሥ ላይ ከደባርቅ በኩል የሚመጣውን ነፋስ ያየ ያውቀዋል፤ አቧራውን አንስቶ ቆርቆሮ ያንጓጓል። ሽቦው መወዛወዝ ጀመረ፣ አምፖሉ አንዴ ጠቀሰ።  ሮጬ ወጥቼ ባላዋን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ።

በጎንደር ከተማ ፀሐይ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ እንጨት አቅፌ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። የአሱር ሶላት ደርሶ እትዬ ሰግደው ሲመለሱ እንደዚያው ቆሜ አገኙኝ።

«ኮምፒውተሩስ? አሁንም እንደቆመ ነው?»

«እንደቆመ ነው።»

«ባላዋን ነካሃት?»

«ይዣታለሁ እኮ!» አልኩ፣ ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ።

እኔንም እንጨቱንም አዩ። አያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እትዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከውጭ አንዲት ደንበኛ ተጣራች፤ የበዓል ቀሚሷ አልደረሰላት ኖሮ እየተቆጣች ነበር የመጣችው። እትዬ እሷን ሊያባብሉ ሄዱ። እኔም ባላዬን እንዳቀፍኩ ቀረሁ።

ነፋሱ ሲበርድ ገባሁ። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሃያ አምስት ጉዳይ ነበር። ስክሪኑ በጣም ግሏል፤ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ነው የዋለው፣ በላዩ ደግሞ ልብስ ለብሷል። እትዬ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ አቧራ እንዳይገባበት ብለው ጠርዙ በወይን ሐረግ የተጠለፈ ሽፋን ሰፍተውለት ነበር። ሽፋኑ የስክሪኑን ዙሪያ ይዞ ከታች የአንድ ጣት ያህል መስተዋቱን ይጋርዳል። ከጠዋት ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ የሰው እጅ ሥራ ነው ብዬ አልነካሁትም። አሁን ግን ይተንፍስ ብዬ የታችኛውን ጠርዝ ገለጥ አደረግኩት።

ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። መጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ኮምፒውተሩ የሚለው ይህን ነው፦ የዛሬው ቀን ይህ ፕሮግራም ከተጻፈበት ቀን በፊት ነው፤ ቀኑ ትክክል ከሆነና ልቀጥል ካላችሁ አንዱን ፊደል፣ አልቀጥል ካላችሁ ሌላውን ተጫኑ።

አልቆመም ነበር። አንድም ነገር አልጀመረም። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ ነበር። የመቀጠያው ፊደል Y ነው።

ኪቦርዱን አየሁ። ሌሎቹ ፊደሎች ቀለማቸው እንዳለ ነው፤ Y ግን ከመነካት ብዛት ልትጠፋ ደርሳለች። ሁለት ቅርንጫፍ ወደ ላይ፣ አንድ ግንድ ወደ ታች። ባላ ናት።

እትዬ ደንበኛዋን ሸኝተው ሲገቡ ጣቴን ፊደሏ ላይ ቀስሬ አገኙኝ። «እሷን ነው የሚሉት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሌላ ምን ባላ አለ? እሱ ነው ያሳየኝ። ‹ይህ ነገር ሲቆም ቀኑን እየጠየቀሽ ነው፤ ባላዋን ንኪለት፣ ያልፋል› ብሎኛል። የጥልፉ ፕሮግራምም ሲከፈት እንዲሁ ይጠይቃል፤ በየቀኑ እነካታለሁ።»

ባለቤታቸው የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚሞሉት። የቀጠሮ ወረቀት የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ለደንበኛ የፈረንጅ ቀን መስጠት አልወደዱም። ኮምፒውተሩ ሠላሳ አንድ ሊቆጥር ሲል ወሩ ባለቀ ቁጥር ያስተካክሉታል፤ የካቲት ሃያ ስምንት ላይ ሲያቆምባቸው ይሰድቡታል፤ ጳጉሜን ስለማያውቅ በእነዚያ አምስት ቀኖች ማሽኑን ያሳርፉታል። ከሞቱ በኋላ እትዬ በየወሩ መጨረሻ ተቀምጠው ያንኑ ያደርጋሉ። እኔ ከቅድም ጀምሮ አምፖልና ሽቦ ሲሉ የነበሩ የመሰሉኝ ሴትዮ ይህን ኮምፒውተር ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። አፈርኩ። እንዲህ ያለ እፍረት ከተሰማኝ ስንት ዘመኔ።

ለማፈር ግን ጊዜ አልነበረም። ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ሆኗል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ። «ንድፎቹን አልቀዳኋቸውም። ቅድም አይዞዎት ያልኩት ዋሽቼዎት ነው። አደጋ እንዳለውም አልነገርኩዎትም።»

 እኔም ቶሎ ቶሎ አስረዳኋቸው፦ አሁን ትተን በያዝኳቸው ሁለት ፍሎፒዎች ብንቀዳ ሠላሳ ያህል ንድፍ እናተርፋለን። መብራት ሲሄድ ዲስኩ ይቆማል፣ ላይነሳም ይችላል። ባላዋን ከነካናት ግን ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ቦርዱ አዲሱን ዲስክ ያያል፣ ሁሉንም ለመቅዳት ሩብ ሰዓት ቢበቃን ነው። በአምስቱ ደቂቃ መሐል መብራት ከሄደ ደግሞ ቦርዱም ይሞታል፣ ንድፉም ይሄዳል፣ ማሽኑም ቆሞ ይቀራል።

«ሠላሳ?» አሉ።

«ሠላሳ ቢሆን ነው። የትኞቹ እንደሚቀዱ እርስዎ ይምረጡ።»

ወደ ግድግዳው አዩ፤ የተጠለፉ የአንገት ናሙናዎች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፣ ስሞቹን እየቆጠሩ ኖሯል። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ለእኔ ግን ከከሰዓቱ ሁሉ የረዘመ ነበር።

«አልመርጥም» አሉ። «የትኛውን ትቼ የትኛውን ልያዝ?» ክንዳቸውን በትከሻዬ ላይ አሳልፈው በመርፌ በተበሳሳ ጣታቸው ባላዋን ነኩ።

ሳጥኑ መሙላት ጀመረ። አንድ ቁራጭ፣ ሁለት ቁራጭ። የቆምኩበት ቦታ ላይ እግሬ ብቻውን ይዘላል። እትዬ «ቁም!» አሉኝ፤ ቆምኩ። አያ ከበሩ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ይቆጥሩ ነበር። ሳጥኑ ሞላ። እንደገና አስነሳሁት። ቦርዱ አሮጌውን ዲስክ ጠራ፤ ከሥሩ አዲሱንም ጠራ። በእልልታ መልክ አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

የቅዳ ትእዛዝ ሰጠሁ። ስሞቹ በፊደል ተራ እየተከታተሉ፣ ከጎናቸው የቀሩት ብዛት እየታየ፣ ይወርዱ ጀመር፤ እትዬ ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም፤ ርዝመታቸውንና መልካቸውን አይተው ግን ያውቋቸዋል። አምስት ጉዳይ ሲሆን መብራቱ ሄደ። ማሽኑም፣ ስክሪኑም፣ የዲስኩ ቀጭ ቀጭታም አንድ ላይ ጸጥ አሉ።

«አለቀ?» አሉ እትዬ።

«አላለቀም። አሥራ አንድ ቀርተዋል።»

«ከአራት መቶው?»

«ከአራት መቶው።»

 ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ስንት ጊዜ ነገርኩህ?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለቴ ነገርኩህ። ወጥተህ እንጨት አቀፍክብኝ።» አያ እንደገና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በደንብ አድርጌ። እትዬም «እሺ» አሉ።

በማግስቱ የኛ ፈረቃ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሲመጣ ቀድሜ ደረስኩ። አሮጌው ዲስክ እንደፈራነው አልነሳም፤ አሥር ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። የቀሩትን አሥራ አንድ ስሞች ከናሙናው ግድግዳ ጋር አስተያይተን ለየናቸው። እትዬ ስሞቹ ሲወርዱ የትኞቹ እንደቀሩ ልብ ብለው ኖሮ፣ ሰባቱን መብራት ባልነበረበት ቀን ወረቀት ላይ በእርሳስ ስለዋቸው አገኘሁ። ከቀሩት አንዱ ባለቤታቸው ለእሳቸው ለራሳቸው ያወጡት የአንገት ንድፍ ነበር።

«የኔስ ግድ የለም» አሉ። «ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ አለ። እሱን አይቼ እሠራዋለሁ።»

ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ባዮሱ አዲስ ስለሆነ የድሮውን ነገር ሁሉ ረስቷል፤ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ንገሩኝ አለ። እጄ እንደለመደው ወደ ፈረንጁ ቀን ሄደች። ግማሹን ጽፌ ነበር፤ ከኋላዬ ቆመው እንዳሉ ስለተሰማኝ ተውኩት።

«የእሱን አድርግልኝ» አሉ።

የጻፍኩትን አጥፍቼ የእኛን ቀን፣ የእኛን ወር፣ የእኛን ዓመት ሞላሁ። ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። ባለሙያነቴ አላስችለኝ ብሎ «እንዲህ ከሆነ ግን እትዬ፣ መጠየቁን አይተውም» አልኳቸው። «በየቀኑ ቀኑ ትክክል ነው ወይ እያለ ይጨቀጭቅዎታል።»

ሽፋኑን አንስተው ስክሪኑን መልሰው አለበሱት፤ ያችን የታችኛዋን መስመር ጋርዶ እንደ ቀድሞው ተቀመጠ።

«ይጠይቃ» አሉ። «መልሱን እኔ አውቀዋለሁ።»